ፋኖሱ የተለኮሰው ለእኛ አልነበረም

እስኪ ከኃጢአታችን እንጀምር።

ነሐሴ በገባ ሰሞን ነው። እዚህ ዝናብ፣ እዚያ ጃፓን ደግሞ በጋ። ካማኩራ በምትባል የባሕር ዳር ከተማ አንድ የባቡር ማቋረጫ ላይ ቆመናል። ቁልቁል የሚወርድ ጠባብ አስፋልት፣ ቢጫና ጥቁር የተቀባ መከልከያ፣ ከሐዲዱ ማዶ አውራ ጎዳና፣ ከጎዳናው ማዶ ባሕር። ቦታው «ስላም ዳንክ» በሚባለው የቅርጫት ኳስ ካርቱን መክፈቻ ላይ ይታያል። ካርቱኑ በጃፓን ቴሌቪዥን የተጀመረው በ1993 ነው (እዚህ የምንጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። በ2022 መጨረሻ አዲሱ ፊልም ሲወጣ ማቋረጫው ጭራሽ መሳለሚያ ሆኖ አረፈው። እኛም ልንሳለም ሄድን። አረንጓዴው ባቡር ሲያልፍ ከባሕሩ ጋር አንድ ላይ እንዲገባልን አስፋልቱ መሀል ቆመን፣ ስልካችንን ከፍ አድርገን፣ ከብዙ ብጤዎቻችን ጋር እየተጋፋን እንጠብቃለን።

ከኋላችን አንዲት አሮጊት መጡ። ባለጎማ የገበያ ቦርሳ ይጎትታሉ። ማለፍ ፈልገዋል፤ አላየናቸውም። ቆሙ። ደግመው ሞከሩ። በመጨረሻ አንገታቸውን ሰበር አድርገው «ሱሚማሴን» አሉን። ይቅርታ ማለት ነው። መንገዱን የዘጋን እኛ፣ ይቅርታ የጠየቁት እሳቸው! ዘወር እስክንል ባቡሩ መጣ። እኛ ፎቷችንን አነሣን፤ እሳቸውን ባቡሩ አመለጣቸው።

ፎቶው ቆንጆ ነው። ግን እስከ ዛሬ የትም አልለጠፍነውም።

ይህን የምንጽፈው «ካማኩራ አትሂዱ» ለማለት አይደለም። ሂዱ! ዕድሉን ያገኘ ሁሉ ቢሄድ ደስ ይለናል። አየር መንገዳችን ከ2015 ጀምሮ ቶኪዮ ናሪታ ያርፋል፤ ለትምህርትም፣ ለሥልጠናም፣ ለስብሰባም የሚሄደው ወገን ቀላል አይደለም። የምንለው ግን አለን። በበዓል ሰሞን ወደ ሰው ከተማ የሚሄድ ሰው በዓሉ ለእሱ የተዘጋጀ ከመሰለው ሁለት ነገር ያበላሻል፤ የባለቤቶቹን ኑሮ፣ ቀጥሎ ደግሞ ሊያየው የመጣውን ራሱን በዓሉን። ካማኩራ ይህን ቀድማ የተረዳች ከተማ ናት። እንዴት እንደተረዳችው ብናጫውታችሁ አንከስርም።

ከተማዋ ምን ትመስላለች?

ከቶኪዮ በባቡር አንድ ሰዓት ያህል ነው። ሦስት ጎኗ በደን የተሸፈነ ኮረብታ፣ አንዱ ጎኗ ባሕር። ለጦር አለቃ የተመቸች ምሽግ በሏት። ሚናሞቶ ኖ ዮሪቶሞ የተባለው የጦር መሪ በ12ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ የጃፓንን የመጀመሪያ የሳሙራይ መንግሥት ያቆመው እዚህ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ኪዮቶ ዙፋኑ ላይ ተቀምጧል፤ ትእዛዙ ግን የሚወጣው ከካማኩራ። ይህ እስከ 1333 ዘለቀ። በትውፊታችን ንጉሥ ላሊበላ ቋጥኝ ያስፈለፍል ነበር በሚባልበት ዘመን ግድም መሆኑ ነው።

ዮሪቶሞ በ1180 ሃቺማን የተባለውን የሺንቶ አምላክ መቅደስ ዛሬ ወዳለበት ቦታ አዛወረው። በ1182 ሚስቱ ማሳኮ ነፍሰ ጡር ሳለች በሰላም እንድትገላገል ስለት ይሁን ብሎ ከመቅደሱ እስከ ባሕሩ ቀጥ ብሎ የሚወርድ ጎዳና አስጠረገ። ጎዳናው ዛሬም የከተማዋ አከርካሪ ነው፤ አይስክሬም እየላሳችሁ የምትሄዱበት መንገድ ባል ለሚስቱ የጸለየበት ነው። ከዚያ ወዲያ ደግሞ ሥራው በ1252 የተጀመረው የነሐስ ቡድሃ አለ። 11 ሜትር ከፍታ፣ 121 ቶን ክብደት። ያረፈበት አዳራሽ በአውሎ ነፋስና በማዕበል ስለጠፋ ከ15ኛው ክፍለ ዘመን ወዲህ ፀሐይና ዝናብ እየተፈራረቀበት ሜዳ ላይ ተቀምጧል። በ1923 በታላቁ የመሬት መንቀጥቀጥ ተናውጦም አልወደቀም።

እንግዲህ ይህ ሁሉ ታሪክ የታጨቀው 170 ሺህ ያህል ሰው በሚኖርባት ከተማ ነው። ከኮቪድ በፊት በ2019 ወደ 19 ሚሊዮን ጎብኚ ገብቶባታል። ለአንድ ነዋሪ ከመቶ በላይ እንግዳ ማለት ነው። ቤታችሁ አምስት ሰው ቢኖር አምስት መቶ እንግዳ በዓመት ሲገባና ሲወጣ አስቡት። ሁሉም ደግሞ ሽንት ቤት ይጠይቃል።

ሰው የሚያመላልሰው ኤኖደን የሚባለው ባቡር ነው። በ1902 ተጀምሮ መስመሩ በ1910 ተጠናቀቀ፤ 10 ኪሎ ሜትር ርዝመት፣ 15 ጣቢያ። የሰው ግቢ ሊነካ ጥቂት ሲቀረው እየተጠማዘዘ፣ አንዳንድ ቦታ ከመኪና ጋር አንድ አስፋልት እየተጋራ ያልፋል። ለእኛ መዝናኛ ነው። ለካማኩራ ሰው ግን አንበሳ አውቶቡስ ማለት ነው፤ ተማሪ ትምህርት ቤት፣ ሕመምተኛ ሐኪም ቤት የሚሄድበት። ሐዲዱ አንድ ብቻ ስለሆነ ባቡሮቹ የሚተላለፉት በተወሰኑ ቦታዎች ነው። ሰው በዛ ተብሎ ባቡር አይጨመርም። በበዓል ሰሞን ሰልፉ ከጣቢያው ወጥቶ መንገድ ላይ ይጠማዘዛል።

በ2017 ከተማዋ ከባቡሩ ድርጅት ጋር ሆና አንድ ሙከራ አደረገች። ሰው በሚበዛበት የግንቦት የዕረፍት ሰሞን በመስመሩ ዳር ለሚኖሩ ሰዎች መታወቂያ ወረቀት ተሰጣቸው። ወረቀቱን የያዘ ውጪ ያለውን ሰልፍ ሳይጠብቅ ጣቢያው ውስጥ ይገባል። በከተማው ባቡር ለመሳፈር የነዋሪነት ወረቀት! አንዳንዱ «ይሄማ አድልዎ ነው» ይል ይሆናል። እኛም ያቺን የባለቦርሳዋን እናት ባናይ ኖሮ እንደዚያ እንል ነበር።

ካማኩራ እምቢ ስትል

ከተማዋን የወደድንላት ቆንጆ ስለሆነች ብቻ አይደለም። እምቢ ማለት ታውቃለች። ሦስት ጊዜውን እንንገራችሁ።

አንደኛው በ1964 ነው። ጊዜው ጃፓን የኦሊምፒክ ሽር ጉድ ላይ ያለችበት ነው። የእኛው አበበ ቢቂላ በዚያው ጥቅምት ቶኪዮ ላይ ሁለተኛውን የማራቶን ወርቅ ወሰደ። የጀልባ ውድድሩ ደግሞ የተካሄደው ከካማኩራ አጠገብ፣ ኤኖሺማ ደሴት ላይ፣ ለዚሁ ተብሎ በተሠራው ወደብ ነበር። በአጭሩ አገሩ በሙሉ እየተቆፈረ፣ እየተገነባ፣ እየተሸጠ ነው። ያኔ ከሃቺማን መቅደስ ጀርባ ያለውን ኮረብታ ቆርጦ የመኖሪያ ቤት መንደር ለማድረግ ዕቅድ ወጣ። ነዋሪው ተነሣ። ከፊት ከቆሙት አንዱ ደራሲው ኦሳራጊ ጂሮ ነው። የብዕር ስሙን እንኳ ያወጣው ከታላቁ ቡድሃ ጀርባ ይኖር ስለነበር ከዚያው ወስዶ ነው። ሰዎቹ ማኅበር አቋቋሙ፤ ገንዘብ አዋጡ፤ በ1966 አንድ ሄክታር ተኩል መሬት ገዝተው ኮረብታውን አዳኑ። በዚያው ዓመት ኪዮቶን፣ ናራንና ካማኩራን የመሳሰሉ ጥንታዊ ከተሞችን የሚጠብቅ ሕግ ወጣ። ዛሬ መቅደሱ ደረጃ ላይ ቆማችሁ ቀና ስትሉ ከጣሪያው በላይ የምታዩት ዛፍ በዚያ መዋጮ የተገዛ ነው።

ሁለተኛው የስም ነገር ነው። ከተማዋ በ2013 የሦስቱን የባሕር ዳርቻዎቿን ስም የማውጣት መብት ለጨረታ አቀረበች። ይህን እናውቀዋለን፤ ስታዲየሙም ውድድሩም የቢራ ስም ይለጠፍበት ነበር። መብቱን ያገኘው ቶሺማያ የሚባል የከተማዋ ብስኩት ቤት ነው። በእርግብ ቅርጽ የሚጋገረው የቅቤ ብስኩቱ ከካማኩራ የሚገዛ ማስታወሻ ነው። በዓመት 12 ሚሊዮን የን ለመክፈል ተዋዋለ። «የእርግብ ብስኩት ባሕር ዳርቻ» ሊባል ነው ብሎ የጠበቀ ነበር። ድርጅቱ ከሕዝቡ የስም ጥቆማ ሰበሰበና በ2014 ውሳኔው ተነገረ፤ ዩይጋሃማ ዩይጋሃማ ይባል፣ ዛይሞኩዛም ዛይሞኩዛ፣ ኮሺጎኤም ኮሺጎኤ። ገንዘብ ተከፍሎ የተገዛው ስሙ እንዳይቀየር ነው! ይህን ስንሰማ መጀመሪያ ሳቅን፤ ቀጥሎ ዝም አልን። ከዚያ አንድ ሙሉ ካርቶን ብስኩት ገዛን። ማስታወቂያ ካላችሁት ማስታወቂያ ነው፤ ሠርቷል።

ሦስተኛው ልስልስ ያለ እምቢታ ነው። ከሚያዝያ 2019 ጀምሮ ከተማዋ የሥነ ምግባር ደንብ አላት። ጠባብና ሰው በበዛበት ቦታ እየሄዱ መብላት ሌላውን ያስቸግራል ትላለች። ጭማቂው የሰው ኪሞኖ ላይ ይንጠባጠባል፤ ቆሻሻው የሰው ደጃፍ ላይ ይቀራል። ቅጣት የለውም። ፖሊስ አይይዛችሁም። «እባካችሁ» ነው የሚለው። ቅጣት የሌለው ደንብ ምን ይሠራል ብለን ጠይቀን ነበር። የሚሠራው ሰው ሲያፍር ነው። እኛ በበኩላችን ኮማቺ በሚባለው የሱቅ መንገድ ላይ የያዝነውን የሩዝ ብስኩት ግድግዳ ተደግፈን ጨርሰን ነው የተንቀሳቀስነው።

የማን በዓል?

አሁን ወደ በዓሉ እንምጣ። የካማኩራና የአካባቢዋ በጋ ከበዓል በዓል የሚዘል ነው። ሐምሌ ላይ ኤኖሺማ ደሴት ላይ ወንዶች ሚኮሺውን ተሸክመው ባሕር ውስጥ ይገባሉ። ሚኮሺ በትከሻ የሚሸከሙት፣ የአምላካቸው ማደሪያ የሚሉት ትንሽ ያጌጠ ቤት ነው። ማነጻጸሩን ለእናንተ ትተነዋል። ውኃው ደረታቸው እስኪደርስ ይገቡና በኋላ ወደ ካማኩራ በኩል ተሻግሮ ከኮሺጎኤ መቅደስ ጉዞ ጋር ይገናኛል። በዓመት አንዴ የሁለት መንደር አማልክት ይጠያየቃሉ ማለት ነው። ተሸካሚዎቹን ስታዩ ግማሾቹ የዓሣ ቤት ሰዎች፣ ግማሾቹ የቢሮ ሠራተኞች መሆናቸውን ከትከሻቸው ታውቃላችሁ። የአንዱ ትከሻ ጠንካራ ነው፤ የሌላው ቀልቷል። ሁለቱም ይጮኻሉ።

እዚያው ሐምሌ ላይ የርችት ምሽት አለ። የካማኩራ ርችት ልዩ የሚያደርገው የውኃው ነው። ከምትሄድ ጀልባ ላይ ርችቱ ወደ ባሕሩ ይወረወርና ውኃው ላይ ሲፈነዳ እንደ ማራገቢያ በግማሽ ክብ ይዘረጋል። በ2017 ይህ ምሽት ገንዘብ አጥሮት «ዘንድሮ ቀርቷል» ተብሎ ነበር። ባሕሩ ዳር ምንጣፍ አንጥፎ የሚያየው ሰው ብዛቱን አትጠይቁን፤ የጥበቃው፣ የጽዳቱና የባሩዱ ዋጋ ግን ተመልካቹ በከፈለው ቲኬት የሚሸፈን አይደለም። ያዳኑት አሁንም የከተማው ሰዎችና ወዳጆቿ ናቸው። በኢንተርኔትም በእጅም መዋጮ ሰበሰቡና በዚያው ሐምሌ ርችቱ ተተኮሰ።

እኛ ግን ልባችንን የጣልነው ርችቱ ላይ አይደለም። ፋኖሱ ላይ ነው።

ቦንቦሪ ማትሱሪ ይባላል። ቦንቦሪ የወረቀት ፋኖስ ነው። በ1938 የተጀመረ፣ በከተማዋ የሚኖሩ ደራስያንና ሠዓሊያን ያሳደጉት በዓል ነው። በየዓመቱ በነሐሴ የመጀመሪያ ቀናት ወደ 400 የሚጠጉ ፋኖሶች በሃቺማን መቅደስ ግቢ ይደረደራሉ። በየፋኖሱ ወረቀት ላይ ከከተማዋ ጋር የተዛመደ አንድ ሰው፣ ሠዓሊ ይሁን ጸሐፊ ወይም የሃይማኖት አባት፣ ሥዕል ይሥላል ወይም በብሩሽ ይጽፋል። ሲመሽ ነጭና ቀይ የለበሱ የመቅደሱ ልጃገረዶች አንድ በአንድ ውስጡ ሻማ ይለኩሳሉ። ቲኬት የለም።

ቀኖቹም ትርጉም አላቸው። በጃፓኖች የቆየ አቆጣጠር አብዛኛውን ጊዜ ኦገስት 7 ላይ የሚውል ሪሹ የሚባል ቀን አለ። «በልግ ገባ» የሚባልበት ቀን ነው። በልግ ሲሉ ቅጠል የሚረግፍበት ወራታቸውን ማለታቸው ነው። ሙቀቱ ግን ገና ሰው ያቀልጣል! እነሱ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ በፖስትካርድ ሰላምታ ሲላላኩ «የተረፈው ሙቀት እንዴት ይዟችኋል?» ነው የሚባባሉት። ፈረንጅ ግራ ሊገባው ይችላል። በመስከረም አዲስ ዓመት ለምናከብር ለእኛ ግን ምንም አይደንቅም። የበዓሉ ዋዜማ የበጋው መሰናበቻ ጸሎት ነው፤ ቀጥሎ የሪሹ ሥርዓት ይሆናል፤ መዝጊያው ኦገስት 9 ላይ የዮሪቶሞ ልጅ ሳኔቶሞ የተወለደበት ቀን ነው። ሳኔቶሞ ሦስተኛው ሾጉን፣ ከጦሩ ይልቅ በግጥሙ የሚታወስ ወጣት ነበር። በ1219 እዚያው መቅደሱ ደረጃ አጠገብ በገዛ ወንድሙ ልጅ እጅ ተገደለ። ገዳዩ ተደብቆበታል ተብሎ ይነገርለት የነበረው ትልቅ ዛፍ በመጋቢት 2010 በነፋስ ወደቀ። ከጉቶው ግን አቆጥቁጧል። ሰዎቹ ታዲያ የገጣሚውን ሞት ሳይሆን ልደት ነው በፋኖስ የሚያስቡት።

በእኛ ቀን ስናሰላው ደግሞ ነሐሴ 1 ግድም መሆኑ ነው፤ ፍልሰታ ገብቷል። ከመካከላችን አንዷ ጾመኛ ናት። ጃፓን ውስጥ መጾም ቀልድ እንዳይመስላችሁ፤ አትክልት ብቻ ነው ያሏችሁ ሾርባ ሁሉ የተሠራው በዓሣ ውኃ ነው (ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር እዚህ አንከፍትም)። ካማኩራ ግን ደረሰችላት። በ1253 በተመሠረተው በኬንቾጂ ገዳም ተጀመረ የሚባል ከንቺንጂሩ የሚሉት ሾርባ አለ። ካሮት፣ ፍጁል፣ ቶፉ፣ በዘይት ጠበስ አድርገው፣ በባሕር አረምና በእንጉዳይ ውኃ የሚቀቅሉት። መነኮሳቱ ሥጋም ዓሣም ስለማይቀምሱ ገዳማዊው አሠራር የጾም ነው። ቡድሂስት መነኩሴ ኦርቶዶክስ ጾመኛን ከረኀብ ሲያድን አየን።

ወደ ፋኖሱ እንመለስ። ሁለተኛው ምሽት ላይ ግቢው ውስጥ ስንዞር አንድ ነገር ገባን። ሰዉ ፋኖስ እየመረጠ ይቆማል። አንዱ በጣቱ ያሳይና ይስቃል፤ ሌላው ልጁን ትከሻው ላይ አድርጎ ያነብለታል፤ ሁለት ሽማግሌዎች አንድ ፋኖስ ፊት ረጅም ሰዓት ዝም ብለው ቆሙ። እኛ ሐብሐብ አየን፣ ድመት አየን፣ ያላነበብነው የብሩሽ ጽሑፍ አየን። እነሱ የሚያዩት ሰዎቹን ነው፤ ማን ዘንድሮ ምን ሣለ፣ ማን ቀረ፣ የማን እጅ ተንቀጠቀጠ። የሰፈር ወሬ በሻማ ብርሃን እየተነበበ ነው! ከእኛ የተደበቀ ነገር አልነበረም። ማንም «ውጡ» አላለንም። ግን በዓሉ እኛ ብንቀርም ያው ይሆን ነበር። እንዲያውም ደስ ያለን እሱ ነው።

«ግን እኮ ገንዘብ ያመጣላቸዋል»

ይህ ክርክር እንደሚነሣ እናውቃለን፤ እርስ በርሳችንም ተጨቃጭቀንበታል። ቱሪስት ባይመጣ ብስኩቱን ማን ይገዛዋል? የባሕሩ ዳር የእንጨት ካፌዎች በሁለት ወር በጋ ምን ሊሸጡ? ይህ እውነት ነው። ካማኩራም በዚያ ትኖራለች። በ1889 የባቡር መስመር ከገባላት ጀምሮ የባሕር መታጠቢያ ከተማ ሆና ነው ያደገችው፤ እንግዳ ጠልታ አታውቅም። በ2013 «የሳሙራይ መኖሪያ» ብላ የዓለም ቅርስ ለመሆንም ጠይቃ ነበር። አማካሪው ድርጅት አይመዘገብ ስላለ ጃፓን ጥያቄውን ሳበች እንጂ።

ክርክራችን ሌላ ነው። ገንዘቡን የሚያመጣው ራሱ የባለቤቶቹ ኑሮ ነው። ኮረብታው ላይ ያ መንደር ቢሠራ ኖሮ መቅደሱን ለማየት ማን ይሄዳል? ባሕር ዳርቻው የብስኩት ስም ቢይዝ ያው አሸዋ ነው፤ ዩይጋሃማ ግን አይሆንም። ሠዓሊዎቹና መነኮሳቱ በኑሮ ውድነትና በግርግር ተማረው ከተማዋን ለቀው ቢሄዱ 400ውን ፋኖስ ማን ይሥላል? ማስታወቂያ ድርጅት ይሥለዋላ! ያኔ እኛም አንሄድም፤ ማስታወቂያ ለማየት 15 ሰዓት ማን ይበራል?

ይህ የመንግሥት ፖሊሲ ጉዳይ ነው ብሎ መሸሽም ይቻላል። ባቡሩ ላይ፣ ማቋረጫው ላይ፣ ጠባቡ መንገድ ላይ ግን የቆመው ፖሊሲ አይደለም፤ እኛ ነን። ማቋረጫው አጠገብ ዛሬ ዘበኞች ይቆማሉ፤ እጃቸውን እየዘረጉ ሰውን ከአስፋልቱ ይመልሳሉ። ደሞዛቸው የሚከፈለው እኛን «እባክህ ወደ ዳር» ለማለት ነው። ያቺ እናት ይቅርታ ባይጠይቁን ኖሮ እኛም ይህን አንጽፍም ነበር።

እንግዲህ ለምትሄዱ

እንግዳ በመጀመሪያው ቀን ወርቅ፣ በሁለተኛው ብር፣ በሦስተኛው ብረት ነው ይላሉ አባቶች። ካማኩራ ላይ ገልብጡት። ጠዋት ደርሶ ማታ የሚመለሰው እንግዳ ነው ብረቱ፤ መንገድ ሞልቶ፣ ፎቶ አንሥቶ፣ ቆሻሻ ጥሎ ይሄዳል። የምትችሉ እደሩ። ከአሥራ አንድ ሰዓት በኋላ የቀን ሰዉ ተሳፍሮ ሲሄድ ከተማዋ ትተነፍሳለች፤ ፋኖስም የሚለኮሰው ያኔ ነው።

ማልዳችሁ ተነሡ። ኦገስት 10 ቀን ሃሴደራ የሚባለው የቡድሃ ቤተ መቅደስ ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ይከፈታል። በዚያ ቀን አንድ ጊዜ መሳለም የ46 ሺህ ቀን መሳለም ያህል ይቆጠራል ይባላል። በዚያው ሌሊት ካኩኦንጂ የሚባለው ገዳምም ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ በሩን ይከፍታል፤ ሰው ለሞቱበት ዘመዶቹ መልእክት ያደርስለታል ለሚባለው ጥቁር ሐውልት ይጸልያል። እዚያ ከሄዳችሁ ስልካችሁን ኪሳችሁ ክተቱ። ሰው ለእናቱ እየጸለየ ነው።

ቀኑ ካልተመቻችሁ ለመስከረም አቆዩት። ሴፕቴምበር 16 ሃቺማን መቅደስ ላይ በፈረስ እየጋለቡ ቀስት የሚወረውሩበት ያቡሳሜ አለ። ዮሪቶሞ ራሱ በ1187 ያስጀመረው ነው። ከሁለት ቀን በኋላ ጎርዮ በሚባል ትንሽ መቅደስ አሥር ሰዎች አስቂኝ ጭምብል አጥልቀው ይዞራሉ። አንዷ ሆዷ የገፋ እርጉዝ ናት፤ አዋላጇ ከኋላ ትከተላታለች። ባቡሩ በመቅደሱ በር አፍንጫ ሥር ነው የሚያልፈው። ሰልፉ ሲመጣ ሁሉም ለሽማግሌዎቹና ለሕፃናቱ ቦታ ይለቃል። እናንተም ልቀቁ።

መንገዱ አጭር ከሆነ በእግር ሂዱ፤ ባቡሩ ላይ አንድ ቦታ ለአንዲት ባለቦርሳ እናት ትተርፋለች። እየሄዳችሁ አትብሉ። ሚኮሺ ሲያልፍ ፊት ለፊት አትቁሙ፤ ለእናንተ ሲባል ሳይሆን ተሸካሚዎቹ ስለማያዩ። ፋኖስ ፊት ስትቆሙ ከኋላችሁ የሚያነብ ሰው እንዳለ አስቡ።

እኛ በመጨረሻው ምሽት ወደዚያ ማቋረጫ ተመልሰን ነበር። መሽቷል፤ ሰው የለም፤ ባሕሩ ይሰማል እንጂ አይታይም። ደወሉ ተንቀጨቀጨ፤ መከልከያው ወረደ፤ ባቡሩ መብራቱን አብርቶ አለፈ። በመስኮቱ ዩኒፎርም የለበሰ ተማሪ እንቅልፍ ይዞት አየን። ወደ ቤቱ እየገባ ነው። ስልካችንን አላወጣንም።

ካማኩራ የምትሄዱ፣ ያቺን እናት ካገኛችኋቸው «ሱሚማሴን» በሉልን። ቃሉን ለመልስ ይዘነው ነበር፤ አፋችን ላይ ሳይመጣ ባቡሩ ቀደመን።

ሰላም ሁኑ።